አንዴ ብቻ ነው የጠየቁኝ

እንቅልፍ ዛሬም እምቢ ብሎኛል። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ በአራት ምስማር መትቼዋለሁ፣ ብርሃኑ ግን በታች በኩል ሾልኮ ይገባል፤ ጥር ነው፣ እዚህ አገር በጥር ብርሃን የሚባል ነገር ብቅ የሚለው እኔ ከሥራ ወጥቼ ልተኛ ስል ነው፣ ሌላውን ሰዓት የት እንደሚውል እንጃለት። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ማሽን ውስጥ ስከት፣ ሳወጣ፣ ሳጥፍ አድሬ ነው የመጣሁት፣ ክንዴ አሁንም ያጥፋል፣ ዓይኔ ግን አልከደን አለ። ሐሙስ ነው። ነገ የወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ይሄንን ለምን እንደማስብ አውቃለሁ፣ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ግድግዳውን ባይም አውቃለሁ። ቤልጅየም፣ ሊዬዥ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ድሬዳዋ አራት ተኩል ነው፤ ሃሊሞ እማን አጣጥባ፣ ወደ በሩ አዙራ አስተኝታ፣ ቀፊራ ገበያ ወርዳ የቅመም መደቧን ዘርግታለች። እማ በሩን ታያለች። በሩ ክፍት ነው። በነሐሴ ደጃፉ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ እናቴ የምታየው አገር ያ በር ነው።

እሁድ ስደውል እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዘችላት ሃሊሞ ነበረች። ሃሊሞ ጎረቤታችን ናት፣ አርባ ዓመት አንድ ግድግዳ ተካፍለን የኖርን፣ እማ ከወደቀች ወዲህ ልጇም እህቷም ነርሷም እሷ ናት። የእማ ድምፅ ቀጥኗል ግን አልደከመም። "ሽመክትዬ፣ በላህ? ተኛህ? በረደህ?" ብላ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ከጠየቀች በኋላ ወደ ዋናው ትመጣለች። "ዛሬ ምን አነበብክ?" እኔም እነግራታለሁ። ዛሬ ከኢሳይያስ ነው እማ። ዛሬ ከቆሮንቶስ ነው። እሷም "እሰይ፣ ጮክ ብለህ ነው አይደል? እንደዚህ እንደ ስልኩ እንዳታንሾካሹክባቸው" ትላለች፣ እኔም አይ ጮክ ብዬ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። እዚህ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። በየእሁዱ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲያነብ የሰማሁትን ለእናቴ እኔ ያነበብኩት አድርጌ እነግራታለሁ። ድሬ እያለሁ የእሁድ ምንባብ አንባቢ ነበርኩ፣ ከአገር ስወጣ ያለቀሰችው ለእኔ ይሁን ለምንባቡ እስካሁን አልለየሁትም፣ ስለዚህ እዚህም አነባለሁ አልኳት፣ አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ አላነብም ማለት ከየት ይመጣል።

እሁድ ግን ሃሊሞ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ የባጃጅ ጡሩምባ። "ስማ አቦ" አለችኝ፣ "እናትህ አትነግርህም፣ እኔ ልንገርህ። ከወደቀች ጀምሮ ያ ቁርባን የምትሉት ነገር አፏ አልገባም። አምስት ወር። እሱን ብቻ ነው የምታወራው። ሳልቀበል ብሞትስ ትለኛለች። ወላሂ፣ እግሯ አይደለም የሚያማት፣ እሱ ነው።" ቄሱስ አልኳት። "ቄሱን እኔ ራሴ ሄጄ በእጁ ጎትቼ አመጣሁት። አዲስ ነው፣ ልጅ ነው፣ ደግ ነው። መጣ። እናትህ ምን ትላለች? ጌታን በባዶ ሳጥን ላይ አላስቀምጥም፣ ጨርቅ የለ፣ ሻማ የለ፣ ቀድሞ የመጣ ሰው የለ፣ ሰው ሲገኝ ይምጡ። እኔ አነጥፋለሁ ስላት፣ አንቺ አታውቂውም አለችኝ። አርባ ዓመት ሳውቃት አታውቂውም ትለኛለች።" ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች። ሃሊሞ ለቄስም ለከንቲባም አንተ ነው የምትለው፣ ድሬ ነው፤ ቄሱ አባ ዓለምሰገድ ናቸው፣ ከሆሳዕና በኩል ተዛውረው ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። "ቀድሞ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ የቤተክርስቲያናችሁ በር ላይ ወረቀት ለጥፏል አሉ። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ይጻፍ ይላል። ይሄው ሦስት ሳምንት፣ ወረቀቱ ነጭ ነው። አቦ ሽመክት፣ ወረቀት ሰው ይጠራል እንዴ?"

ወረቀት ሰው አይጠራም። ይሄንን ከሃሊሞም በላይ የምታውቀው እናቴ ናት። ሠላሳ ዓመት የካቶሊክ ቁምስናችን የሕሙማን ጎብኚዎች መሪ ነበረች፣ አንድም ሰው ወረቀት ላይ ፈርሞ አልገባላትም። ሰውየው ቤት ትሄዳለች። ትቀመጣለች። "አንተ እኮ ለዚህ ነገር ትሆናለህ" ትለዋለች። ሰውየው "ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል" ይላል፣ ማለትም አለበት፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ፣ በተለይ በቤተክርስቲያን ነገር፣ አንዴ ተጠይቆ እሺ ብሎ ብድግ የሚል ሰው እዩልኝ ባይ ነው፣ ይታማል። እማ ይሄን ስለምታውቅ አትሰማውም፤ ስለ ሙቀቱ ታወራለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትደግማለች። እንደገና እምቢ ይላል፣ አሁን ግን ድምፁ ላልቷል። በሦስተኛው "በሞቴ" ትለዋለች፣ አለቀ፣ በሚቀጥለው ወር ሰውየው ፌስታል ይዞ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል። እኔንም ወደ ምንባቡ ያስገባችኝ እንዲሁ ነው፣ የገዛ ልጇን፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን፣ ሦስት ጊዜ ለምና።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው፣ ቀላል ሆኖ ሰው ይፈልጋል። በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ካህኑ ለታመሙት ቁርባን ይዘው ይዞራሉ፤ ከእሳቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አንድ ጎብኚ ቤቱ ይደርሳል፣ ጠረጴዛ ወይም ሳጥን ወይም ወንበር ፈልጎ ነጭ ጨርቅ ያለብሳል፣ ሻማ ያቆማል፣ በሽተኛውን ቀና ያደርጋል፣ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ያብሳል፣ የዕለቱን ምንባብ ያነብለታል። ካህኑ ሲገቡ ቤቱ ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ከሄዱም በኋላ ጎብኚው ይቀመጣል። ዋናው እሱ ነው ትል ነበር እማ፣ መቀመጡ። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ እማ ያላነጠፈችበት የታመመ ሰው ቤት አልነበረም፣ ጨርቋን በፌስታል ጠቅልላ፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሯ ተሻግራ፣ በግንቦት ሙቀት ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ተጋድሞ እሷ ትሄዳለች። አሁን ለእሷ ቀድሞ የሚሄድ የለም። ከነበሩት ጎብኚዎች ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ ልጇ ጋ አዲስ አበባ ገብታለች፣ ጨርቁም አብሯት ሄዷል መሰለኝ።

ደብተሩ ግን እኔ ጋ ነው። የእማ ጉልበት ሲደክም የጎብኚዎቹ ማኅበር ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፣ የታመሙት ስም፣ ቤታቸው በየት እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚጎበኝ፣ ሁሉም በእኔ ጽሑፍ ነው። ስመጣ ከሰርተፊኬቶቼ ጋር ሻንጣ ገባ፣ ሳላስበው፣ እንዲህ ነው የምለው፣ ሳላስበው፤ ካሰብኩት በኋላ ደግሞ መላክ እችል ነበር፣ አልላክሁም። ከእሁድ ጀምሮ በየጠዋቱ ከአልጋው ሥር አወጣዋለሁ፣ አሁንም አወጣሁት። ሰማያዊ ሽፋን፣ ጫፉ ያለቀ። "ከባጃጅ ተራው ወደ ውስጥ፣ ሦስተኛው በር፣ ውሻ አለ።" ሞታለች። "ከወፍጮው ጀርባ፣ አይሰማም፣ ጮክ ብሎ ማንኳኳት።" እሱም ሞቷል፣ እማ በስልክ ነግራኛለች፣ ያን ቀን እኔ ቆሻሻ በየቀለሙ ከረጢት ሳልለይ አውጥቼ ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣልኝን ደብዳቤ እያነበብኩ ነበር፣ እሺ እማ፣ እሺ እማ እያልኩ። የሞቱት ላይ መስመር አላሰመርኩም። መስመር ያለው በመጨረሻው ገጽ ነው፣ ወደ ማኅበሩ እንዲገቡ ልንጠይቃቸው ያሰብናቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ፣ የመጨረሻው ስም ላይ። ፍቅርአዲስ። ከጎኑ በራሴ እጅ፦ ጠየቅኳት፣ አልፈለገችም። መስመሩን በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው የሰው ስም ላይ በማስመሪያ የሚያሰምር።

ፍቅርአዲስ ልብስ ሰፊ ናት፣ ባሏ ሲሞት ከዋሂል ወደ ድሬ የመጣች። በር አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፣ ቅዳሴው እንዳለቀ ሰው ሳያናግራት ትወጣለች። ያየቻት እማ ናት። "ያቺ ልጅ ዝምታዋ ለታመመ ሰው ይሆናል፣ አንተ ጠይቃት፣ እኔን ጉልበቴ ይዞኛል" አለችኝ። ጠየቅኳት። የቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ቆማለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው፣ አዲስ አበባ የቪዛ ቀጠሮ አለኝ፣ ትኬት ገና አልቆረጥኩም። "ከእኛ ጋር ሕሙማን ብትጎበኚ ብለን ነበር" እላታለሁ። መሬት መሬት ታያለች። "እኔ ምን አውቃለሁ" ትላለች፣ "ሌላ ሰው አይጠፋም።" እኔ እሺ አልኳት። እሺ። ይሄን ቃል አሁን እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ስለ ሙቀቱ አላወራሁም፣ አልደገምኩም፣ በሞቴ አላልኩም፣ ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ። እማን አልፈለገችም አልኳት፣ እማም ለሌሎቹ አልፈለገችም አለች፣ ከዚያ ወዲያ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍቅርአዲስን የጠየቃት ሰው የለም፣ እምቢ ያለችን ሴት ማን ደግሞ ይጠይቃል። እሺ እንዳልኩም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ አንድ ሥራ ቀለለልኝ።

ይሄ ነገር ሰባት ዓመት አልቆረቆረኝም። የቆረቆረኝ የራሴው ነው። እዚህ አገር ሁሉም ነገር አንዴ ነው። ደብዳቤ አንዴ ይመጣል፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ። ቢሮ ገብተህ ቁጥር ትቆርጣለህ፣ ቁጥርህ ሲጠራ ሽንት ቤት ከነበርክ የሚቀጥለው ይጠራል፣ ማንም ዞር ብሎ ያ ጥቁር ሰውዬ የት ሄደ አይልም። ይሄን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ቤተክርስቲያን ግን ሌላ ይሆናል ብዬ ነበር። በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ማዳም ኮሌት የምትባል ነጭ ፀጉር ያላት ሴት፣ በየእሁዱ ማን እንደሚያነብ የምትመድበው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ይዛ ወደ አግዳሚዬ መጣች። ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ከሰላምታ ሌላ ያናገረኝ አልነበረም። "ማንበብ ትፈልጋለህ?" አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ምድር ባቡር ሲሠራ የተማረውን የአያቴን ፈረንሳይኛ እየሰማሁ ያደግኩ ነኝ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ድምፅ አለኝ። እኔም እንደ ወጉ "አይ፣ ኧረ እኔ አልችልም፣ ከእኔ የተሻለ አለ" አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ "ችግር የለም" አለች፣ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፣ ሄደች።

ልክ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ነው፣ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ያን ሳምንት የሚቀጥለውን እሁድ ምንባብ አጠናሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤቱ ግድግዳ እስኪመታ። እሁድ ከፊት ቀረብ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፍለጋ እንዳትደክም ላግዛት ብዬ። ኮሌት የመዝሙር መጽሐፍ ሰጠችኝ፣ እንደምን አደርክ አለችኝ፣ አለፈች። በሚቀጥለውም። በፋሲካም። ቂም ያዝኩ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አልኩ፣ ሰውን በአንድ እምቢታ የሚተዉ፣ ለካ ከመጀመሪያውም አልፈለጉኝም፣ ለይስሙላ ነው። ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ በር አጠገብ፣ ቅዳሴው እንዳለቀ ሰው ሳያናግረኝ እወጣለሁ። አራት ዓመት። እማ "ዛሬ ምን አነበብክ?" ትለኛለች።

እና አሁን ይሄ ደብተር፣ ይሄ መስመር። የኮሌት እንኳ በእጅ ነበር፣ የተንጋደደ። ኮሌት አታውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

የፍቅርአዲስን ቁጥር ከእሁድ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ፤ የሃሊሞን ድሪያ የምትሰፋው እሷ ናት፣ ሃሊሞ ለምን እንደፈለግኩት ሳትጠይቀኝ ላከችልኝ። ዛሬ ካልደወልኩ ነገ ዓርብ ነው፣ ከነገ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓርብ ከአንድ ወር በኋላ ነው፣ እማ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ደወልኩ። ሦስቴ ጠራ። ከኋላ የስፌት መኪና ድምፅ አለ፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።

"ፍቅርአዲስ፣ ሽመክት ነኝ። የእማማ ዘነበች ልጅ።"

መኪናው አልቆመም። "እናትህ ደህና ናት?"

"አይደለችም።"

አሁን ቆመ። ነገርኳት፣ ስለ በሩ፣ ስለ ባዶው ሳጥን፣ ስለ አምስቱ ወር፣ ስለ ነገ። በፈረንሳይኛ ደብዳቤ እንደምጽፍ በልቤ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝና "ነገ ቀድመሽላት ብትሄጂ" አልኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። "ሌላ ሰው አይጠፋም።"

ቃል በቃል። ቅጣት ይሁን ልማድ አላውቅም፣ ሁለቱም ይመስለኛል። አፌ እሺ ሊል ነበር፣ እዚህ አገር ሰባት ዓመት መኖር ቀላል አይደለም። ዋጥኩት። "ድሬ እንዴት ነው፣ ሞቀ?" አልኳት።

"በጥር? ጠዋት ጠዋት ሹራብ እየለበስን።" የምትስቅ መሰለኝ። "አንተ አገሩንም ረስተኸዋል።"

"ሥራስ?"

"አለ። የሠርግ ልብስ ይዣለሁ።" ቀጥላ "ሽመክት፣ ምን ፈልገህ ነው?" አለች።

"ያንኑ ነው። ከእኛ ጋር ሕሙማን እንድትጎበኚ።"

"ጠይቀኸኝ ነበር እኮ።"

"አንዴ።"

"አንዴ" አለች። "ሰኞ ቤት ትመጣለህ ብዬ ነበር። ሰኞ አልመጣህም። በሚቀጥለው እሁድ ኒሙ ሥር ቆይቼ ነበር። ከዚያ ሄደ አሉኝ። እናትህም ስታገኘኝ ሰላም ብቻ ብላኝ ታልፋለች። የሆነ ነገር አይተውብኝ ነው፣ ለዚህ ነገር አልሆንም ማለት ነው አልኩ።"

"እማን አልፈለገችም ብያት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትኬት ልቆርጥ ቸኩዬ ነበር።"

 ከደጇ ሰው ሲጠራራ ይሰማል፣ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በሶማልኛ፣ ከዚያ መልሶ በአማርኛ።

"አልፈልግም አላልኩም እኮ" አለች ቀስ ብላ። "ምን አውቃለሁ ነው ያልኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ከእኔ የሚሻሉ አሉ።"

ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ላልቷል፣ እማ ብትኖር በዓይኗ ትጠቅሰኝ ነበር። እማ አለች እኮ፣ ምን ነካኝ። "በሞቴ" አልኳት።

"ስደት ላይ ሆነህ ስለ ሞትህ አታውራ፣ ተው።"

"አፈር ስሆን፣ ፍቅርአዲስ።"

መኪናው አንዴ ሮጠና ቆመ። መቀስ ክር ቆረጠ።

"በራችሁ አሁንም አረንጓዴው ነው?" አለች።

አዎ አረንጓዴው ነው አልኳት። ከዘጋሁ በኋላ የደብተሩን ገጾች በሙሉ በስልኬ አንስቼ ለአባ ዓለምሰገድ ላክሁላቸው፣ የመጨረሻውን ገጽ ግን መስመሩን በእስክሪብቶ ሰርዤ፣ መስመር እንዴት ይሰረዛል፣ እንጃ፣ ላዩን ሞነጫጨርኩበት። ከሥሩም ጻፍኩላቸው፦ አባ፣ ነገ እናቴ ቤት ፍቅርአዲስ ትቀድማለች። ወረቀቱን ያንሱት። ሰው ቤት ይሂዱ። አንዴ እምቢ ካሉዎት ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁና ይድገሙ። ወዲያው መለሱልኝ፦ ስንት ጊዜ ነው የምደግመው? ሦስት፣ አልኳቸው፣ አራት አያስፈልግም።

ዓርብ። ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ተቀምጫለሁ። ስልኩ ሲጠራ ገና አንድ ጊዜ ሳይሞላ አነሳሁት። "መጥታለች" አለችኝ ሃሊሞ በሹክሹክታ፣ "እኔ ደጅ ነኝ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አኖርልሃለሁ፣ ዝም ብለህ ስማ።" ሰማሁ። ጨርቅ ሲራገፍ። ሳጥኑ ወለሉ ላይ ሲጎተት። ክብሪት። እርጥብ ፎጣ ሳፋ ውስጥ ሲጨመቅ፣ የእማ "እሰይ፣ እሰይ" የሚል ድምፅ። ከዚያ ፍቅርአዲስ ማንበብ ጀመረች፣ እየተንተባተበች፣ አንድ ቃል ላይ ቆማ ተመለሰች፣ እማም "ጮክ በይ ልጄ፣ የማነብበት ዓይን የለኝም እንጂ የምሰማበት ጆሮ አለኝ" አለቻት። የወንድ ጫማ ገባ። አባ የሚሉትን ሁሉንም አልሰማሁም፣ አሜን የሚለውን ግን ሰማሁት፣ የእናቴ ነው፣ አምስት ወር የጠበቀ አሜን ነው። እኔ ሊዬዥ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር፣ መቼ እንደተንበረከክኩ አላውቅም።

አባ ከሄዱ በኋላም ፍቅርአዲስ አልሄደችም፣ ተቀምጣለች፣ ሃሊሞ ስልኩን አምጥታ የእማ ጆሮ ላይ አደረገችው።

"ጨርቁን አየኸው?" አለችኝ እማ።

"እማ፣ በስልክ ምን ይታያል።"

"ዳር ዳሩን መስቀል ጠልፋበታለች። መቼ ሰፋሽው ስላት፣ ያኔ ልጅሽ የጠየቀኝ ሰሞን ነው አለችኝ። ሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ ነበር። ሽመክትዬ፣ ቢጫ እንኳ አልሆነም።"

  እማ አንድ ነገር ላይ ብዙ አትቆይም፣ ቀጠለች። "አንተስ፣ እሁድ ምን ታነባለህ?"

"እማ" አልኩ። "እኔ እዚህ አንብቤ አላውቅም።"

 ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ።

"አልጠየቁህም?"

"ጠይቀውኛል።"

"ስንቴ?"

"አንዴ።"

"አንዴ ብቻ?"

"አንዴ ብቻ።"

"ውይ" አለች እናቴ። ያዘነችው ለእነሱ ነበር። "አያውቁማ።" ከዚያ አሰበችና "ታዲያ ያን ሁሉ ስትነግረኝ የነበረው?" አለችኝ።

"ተቀምጬ እየሰማሁ ነው እማ።"

"ደህና ትሰማለህ። አንድም አላጎደልክም።" ሳቀች፣ መሳቁ ዳሌዋን አሳመማት መሰለኝ፣ አቃሰተች። "እነሱ ካላወቁ አንተ ሂድ። እያፈርክም ቢሆን ሂድ። እዩልኝ ባይ ይሉኛል ብለህ እንደሆነ እዚያ ማን ያውቅሃል።"

ከዘጋች በኋላ ተኛሁ። ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ በአንድ በኩል ወድቆ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ነበር፣ ቢሆንም ተኛሁ።

እሁድ ነው። ኮሌት በሩ ላይ ቆማ የመዝሙር መጽሐፍ ታድላለች፣ ሰሌዳዋ በብብቷ ሥር ነው፣ አራት ዓመት አርጅታለች፣ እኔም እንደዚያው። ዓረፍተ ነገሩን በመንገድ ላይ ስለማመደው መጥቻለሁ፦ ከአራት ዓመት በፊት አይ ብዬሽ ነበር፣ አይ ማለቴ አልነበረም። አልኩት። ኮሌት መጀመሪያ ግራ ገባት፣ አየችኝ፣ እንደገና አየችኝ፣ ከዚያ የገባት ይመስለኛል፣ ሰሌዳዋን አውጥታ ወረቀቱን ገለጠች። "ለሚቀጥለው እሁድ ሰው የለኝም" አለች። "ታነባለህ?"

"አይ፣ ኧረ እኔ፣ ከእኔ የተሻለ አለ" ሲል ሰማሁት፣ አፌን። እኔ አላዘዝኩትም። ኮሌት ፈገግ አለች፣ ያችው ፈገግታ፣ እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ አወረደች፣ ልታሰምር ነው።

የወረቀቱን ጫፍ ያዝኩት። ልትስበው ሞከረች፣ አልለቀቅኩም።